«ጋዝ አልቋል»፦ የአንዲት የሞተች ፍሪጅ ጥገና ማስታወሻ

ቀን 1

የማቀዝቀዣና ማሞቂያ ሥልጠና ከጀመርን ሁለት ወር አልፎናል። እስካሁን የነካነው ነገር ቢኖር ቁርጥራጭ የመዳብ ቱቦ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሥዕል ነበር። ዛሬ ግን ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብንና ለየጥንዱ አንድ አንድ የሞተች ፍሪጅ ታደለን። የእኛዋ ባለ አንድ በር ናት። በሯ ላይ አንድ ሰው ወረቀት ለጥፎባታል፦ «ጋዝ አልቋል»።

አሰልጣኛችን ወረቀቱን አንብበው ሳቁ። «ጋዝ ነዳጅ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋዙ በተዘጋ መንገድ ነው የሚዞረው። ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ኮንደንሰሩ ላይ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ካፒላሪ በምትባለው ቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ እየፈላ የፍሪጁን ሙቀት ይወስድና ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። የሚቃጠል ነገር የለም። ፋብሪካ የሞላው ጋዝ ከ20 ዓመት በኋላም እዚያው መገኘት አለበት፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

የዛሬው ሥራ መሣሪያ ሳይነኩ ማየትና መጻፍ ብቻ ነበር። መለያ ሰሌዳዋ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ጋዝ አር-134ኤ፣ መጠን 110 ግራም፣ 0.9 አምፒር። ኮንደንሰሯ ከጀርባ ነው፣ አቧራ ጠግቧል። ታች ኮምፕሬሰሩ አካባቢ ደግሞ እርጥብ እርጥብ የሚል ጥቁር ቆሻሻ ነበር፤ መቼም ከቆሻሻ ጋር መሥራት ደስ ስለማይለኝ ጨርቅ አምጥቼ አንድ በአንድ ወልውዬ አብረቀረቅኳት።

(በኋላ የጨመርኩት፦ ይህቺ ጨርቅ ሁለት ቀን አስከፍላኛለች።)

ቀን 2

ከጋዝ በፊት ኤሌክትሪክ። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሏል፣ ደግመን አረጋግጠናል።

ኮምፕሬሰሩ ሦስት እግር አለው፤ ሲ፣ ኤስ እና አር እንላቸዋለን። ሲ የጋራው ነው፣ ኤስ ማስነሻው፣ አር ማስኬጃው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ላዩ ላይ ካልተጻፈ በመልቲሜትር ይለያል። በሁለት በሁለት እግር መካከል ስንለካ 13፣ 19 እና 32 ኦም አገኘን። ትልቁ ንባብ የሚገኘው በኤስ እና በአር መካከል ስለሆነ የቀረው እግር ሲ ነው። ከሲ ትንሹን የሚሰጠው አር፣ ተለቅ ያለውን የሚሰጠው ኤስ። 13 እና 19 ሲደመሩ 32 መምጣታቸው ደግሞ ጥቅልሎቹ ደህና መሆናቸውን ይነግረናል። ሰሌዳ ላይ ሳየው አሰልቺ ነበር፤ በእጄ ሲመጣ ግን እንደ እንቆቅልሽ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ እግሮቹ ከብረቱ አካል ጋር ተነካክተው እንደሆነ መለካት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኮምፕሬሰሩ አካል ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ ላይ ከለካችሁ ሜትሩ «ምንም ግንኙነት የለም» ብሎ በውሸት ያጽናናችኋል። ፍቆ ብረቱን ማግኘት ወይም በባዶ መዳብ ቱቦ መለካት ነው።

ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳውን ሪሌይ ነቅለን ስናወዛውዘው ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ። ይህ ሪሌይ ውስጡ እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ነገር አለው፤ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ወዲያው ይግልና ማስነሻውን ይዘጋል። ኮሽ ካለ ሳንቲሙ ተሰባብሯል። አዲስ ሪሌይ ገጥመን አበራን፣ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ። አብሮኝ የተመደበው ልጅ ጨፈረ። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ኮንደንሰሩን በእጃችን ነካነው፦ አይሞቅም። ጭፈራው ቆመ።

ቀን 3

ሪሌይ ተበላሽቶ ነበር፣ ጋዝም ጎድሎ ነበር። ሁለት በሽታ፣ አንድ ታማሚ።

ሲስተሙን ከመክፈታችን በፊት የቀረውን ጋዝ በማውጫ ማሽን ወደ ሲሊንደር ሰበሰብን። ሚዛኑ 18 ግራም አለ። ከ110 ግራም 18 ብቻ! ልጁ «ለዚህች ነው እንዴ ይህን ሁሉ ማሽን የደረደርነው? አየር ላይ ብንለቃት ማን ያያል?» አለ፤ እኔም በሆዴ ያንኑ ነበር የማስበው።

አሰልጣኛችን አልተቆጡም። እሳቸው ሙያውን ሲማሩ አር-12 የሚባለውን ጋዝ ቱቦ ለማጠብ ሳይቀር እንዲሁ ይለቁት እንደነበር ነገሩን። አር-12 ክሎሪን ስላለው የኦዞንን ንብርብር ይበላል። ሞሊና እና ሮውላንድ የሚባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህንን በ1974 ጻፉ፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት መጣ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የእኛው አር-134ኤ ክሎሪን የለውም፣ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን አንድ ኪሎው ከ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ሆኖ ይቆጠራል። በ2016 ኪጋሊ ላይ የጸደቀው ማሻሻያም እንዲህ ያሉትን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ ነው። ካልኩሌተር አወጣሁ። የዚህች ትንሽ ፍሪጅ ሙሉ ጋዝ፣ 110 ግራም፣ 157 ኪሎ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ለመደርደር ብዙም አላማረርኩም።

ቀን 4 እና 5

ብየዳ። ፍሪጇን ሳንነካ፣ ቁርጥራጭ መዳብ ላይ ብቻ፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

የመጀመሪያው ቱቦዬ ቀለጠ። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ እኛ የምንጠቀምበት መዳብ፣ ፎስፈረስና 15 በመቶ ብር ያለበት ዘንግ ሙሉ በሙሉ ለመፍሰስ 800 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። በመሃል ያለው ቦታ በቂ ይመስላል፤ እሳት ከያዙ በኋላ ግን ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ነው የሚያልቀው። የሁላችንም ስህተት አንድ ነበር፤ እሳቱን ዘንጉ ላይ እናደርገዋለን። ዘንጉ እንደ ሻማ ይንጠባጠብና መጋጠሚያው ላይ እብጠት ይሆናል፣ ውስጥ ግን አልገባም። ትክክሉ ቱቦውን ማሞቅ ነው። ቱቦው ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ዘንጉን ጠጋ ማድረግ ብቻ ነው፣ ራሱ ሙቀት ወዳለበት ተስቦ ይገባል። መጀመሪያ በትክክል የገባልኝ ጊዜ፣ ያ ብርማ ቀለበት ዙሪያውን ሲዞር ሳይ፣ ጓንቴን አውልቄ ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር አየን፤ ለእኔ የሳምንቱ ትምህርት እሱ ነው። ሁለት መጋጠሚያ በየድን፣ አንዱን እንዲሁ፣ ሌላውን በውስጡ ቀስ ያለ ናይትሮጅን እያሳለፍን። ከዚያ ሁለቱንም በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅናቸው። ናይትሮጅን ያለፈበት ውስጡ እንደ አዲስ መዳብ ያበራል። ሌላው ውስጡ ጥቁር ቅርፊት ነው፣ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። የካፒላሪያችን ቀዳዳ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ያ ቅርፊት ተነስቶ እዚያ ቢሰነቀርስ? ከውጭ የሚያምር ብየዳ ሆኖ ፍሪጇን ግን በዚያው ይገድላታል ማለት ነው። ስንት «ጋዝ ተሞልቶ እንኳ አልበርድ ያለ» ፍሪጅ በዚህ ተጥሎ ይሆን?

ቀን 6

መሙያ ቱቦዋ ላይ ሰርቪስ ቫልቭ በየድን፣ ቀዳዳውን ለመፈለግ ናይትሮጅን አገናኘን። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በላይ ስለሆነ ግፊቱን የሚቀንሰው ሬጉሌተር ከሌለ አይታሰብም። ኦክስጅን ደግሞ በፍጹም! ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ይፈነዳል። አሰልጣኛችን ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የኦክስጅንና የናይትሮጅን ሲሊንደሮቹንም በአንድ ጥግ አያስቀምጡም።

150 ፒኤስአይ ሞልተን ዘጋን። የክፍሉ ሙቀት 25 ዲግሪ። ጻፍን፣ ሄድን።

ቀን 7

ጠዋት የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ 139 ይላል። ልጁ «ይኸው ቀዳዳ!» ብሎ የሳሙና ውሃውን ለመበጥበጥ ሮጠ። አሰልጣኛችን አስቆሙትና «ክፍሉ አሁን ስንት ዲግሪ ነው?» አሉ። 18 ነበር። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከ11ዱ ስንቱ የብርድ፣ ስንቱ የቀዳዳ እንደሆነ ለዩ ተባልን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጌጁ ላይ የከባቢ አየርን 14.7 እንጨምራለን፣ 164.7 ይሆናል። ሙቀቱን ወደ ኬልቪን እንለውጣለን፣ 298 እና 291። 164.7 ሲባዛ በ291፣ ሲካፈል ለ298፣ 160.8 ገደማ። 14.7ን መልሰን ስንቀንስ 146። ስለዚህ 4 ፒኤስአይ የብርድ ነው፣ 7ቱ ግን በእርግጥ ወጥቷል። ቀዳዳ አለ፣ ትንሽ ቀዳዳ።

ቀኑን ሙሉ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባን። እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ኢቫፖሬተሩን፣ የኮንደንሰሩን መታጠፊያ ሁሉ። ምንም የለም። ወገቤ ተቆረጠ።

ቀን 8

ዛሬም ምንም፣ እስከ ከሰዓት። ከዚያ አሰልጣኛችን መጥተው አጎንብሰው አዩና «ይህቺ ፍሪጅ ስትመጣ እንዲህ ንጹሕ ነበረች?» አሉ።

እኔም በኩራት «አይ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የወለወልኳት» አልኩ።

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ይዞራል። ጋዝ የሚያፈስ ቀዳዳ ዘይትም ያልባል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ያ ቀን 1 ላይ «እርጥብ ጥቁር ቆሻሻ» ብዬ የጻፍኩት ነገር ቀዳዳው «እዚህ ነኝ» ብሎ የተወልኝ ምልክት ነበር። እኔ ደግሞ በጨርቅ አጠፋሁት። ጣቴን ነከስኩ። ደግነቱ ማስታወሻ እጽፍ ስለነበር ቦታውን ገልጬ አነበብኩ፦ ታች፣ ኮምፕሬሰሩ አካባቢ። ትንሽ መስታወት ከሥር አስገብተን ሳሙና ቀባንና ጠበቅን። የኮንደንሰሩ ብረት ቱቦ ከመዳቡ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከበታች በኩል፣ ነጭ አረፋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ አበጠ። ትላንት እዚያው ቀብተን ነበር፤ ግን ከላይ ብቻ ነው ያየነው፣ ደግሞም ለአምስት ሰከንድ።

ቀን 9

ናይትሮጅኑን ለቀን መጋጠሚያውን ፈታን፣ አጸዳን፣ በየድኩ። አምሮ ወጣ። 150 ፒኤስአይ ሞላን፣ ሳሙና ቀባን፣ አረፋ! እዚያው ቦታ ላይ!

«በየትኛው ዘንግ ነው የበየድከው?» አሉ አሰልጣኛችን።

በለመድኩት ነዋ፣ ባለ ፎስፈረሱ። እሱ ለመዳብ በመዳብ ነው። ብረት ሲነካ ፎስፈረሱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ተሰባሪ ንብርብር ይሠራል፤ ሲያዩት ይዟል፣ ግፊት ወይም ንዝረት ሲመጣ ይሰነጠቃል። ለመዳብ በብረት ፎስፈረስ የሌለው፣ ብር የበዛበት ዘንግ ከፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ ከሚቀባው ማጽጃ) ጋር ነው። ይህንን ክፍል ውስጥ ተምረናል፣ ደብተሬ ላይም አለ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ደብተሩ ግን እሳት ፊት ለፊት አብሮኝ አልቆመም። እንደገና ፈታሁ፣ የድሮውን ሙሉ በሙሉ አጸዳሁ፣ ፍላክስ ቀብቼ በብሩ ዘንግ በየድኩ። እሺ አለ።

ቀን 10

ሌሊቱን በግፊት አድራ ሙቀቱን ስናስተካክል ምንም አልጎደለም።

ፊልተር ድራየሩን ቀየርን። ሲስተም በተከፈተ ቁጥር ይቀየራል፤ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር ስላለው ከፍታችሁ ከተዋችሁት የክፍሉን እርጥበት ሲጠጣ ይውላል። ክዳኑን የምናነሳው ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ እሳቱ ሊለኮስ ሲል ብቻ ነው። ካፒላሪዋን በቱቦ መቁረጫ ብንቆርጣት አፏ ይጨፈለቃል፣ ስለዚህ በሞረድ ዙሪያዋን ጫር አድርጎ መስበር። ወደ ድራየሩ ስትገባ ወንፊቱን እንዳትነካ፣ ደግሞ አፉ ላይ ቀርታ ብየዳው እንዳይደፍናት። ድራየሩ የካፒላሪው ጫፍ ወደ ታች እንዲያዘነብል ተደርጎ ይታሰራል፣ ፈሳሹ እዚያ እንዲጠራቀም። ግማሽ ቀን ፈጀብን።

ቀን 11

ቫኪዩም። ፓምፑ አየሩን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውስጥ የቀረው ውሃ በክፍሉ ሙቀት ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። የምንለካው በማይክሮን ነው። የከባቢ አየር 760,000 ነው፤ የምንፈልገው ከ500 በታች።

ከ2,000 አልወርድም አለ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ፓምፑን ዘግተን ስናይ ቁጥሩ ከፍ ይልና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ መውጣቱን አያቆምም ነበር። እርጥበት ነው። የፓምፑን ዘይት ስናየው ወተት መስሏል። ዘይት ቀየርን፣ ሲስተሙን በደረቅ ናይትሮጅን ሞልተን ለቀቅን፣ እንደገና ሳብን። ከዚያ 380 ደረሰ። ዘግተን ስንጠብቅ 470 ላይ ቆመ። ቁጭ ብሎ ቁጥር ማየት የሚሰለቸው ሰው ይህን ሙያ ባይመርጥ ይሻለዋል፤ ቀልዴን አይደለም።

ቀን 12

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

ጋዝ የምንሞላው በሚዛን ነው። ልጁ ጌጅ እያየን እንሙላ ቢልም አሰልጣኛችን ጌጁን በወረቀት ሸፈኑት። ቱቦ ውስጥ በምትቀረው ትንሽ ጋዝ እንኳ ልዩነት የሚመጣባት ፍሪጅ ናት፣ 110 ግራም ማለት 110 ግራም ነው። ሲሊንደሩን ሚዛን ላይ አስቀመጥን፣ ዜሮ አደረግን፣ ቀስ እያልን ከፈትን። 60፣ 90፣ 110። ዘጋን! ልጁ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ሲሊንደሩ ላይ የተሰካውን የጌጅ ቱቦ በክርኑ ገፋው፣ የሚዛኑ ቁጥር በ14 ግራም ዘለለ።

ለካ ቱቦው ተወጥሮ ሲሊንደሩን እየደገፈው ነበር። ስለዚህ ስንት ገባ? 110? 96? 124? ማንም አያውቅም። በግምት ማስተካከል አይቻልም ወይ ብለን ለመንን። መልሱን ታውቁታላችሁ። ሁሉንም መልሰን ሰበሰብን፣ ቫኪዩሙን እንደገና ጀመርን። ማታ ስገባ ማንንም ማናገር አልፈለግኩም።

ቀን 13

ሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ፣ ቱቦው ልል ብሎ ተንጠልጥሎ፣ ልጁ ሁለት እርምጃ ርቆ። 110 ግራም። አበራን።

ኮንደንሰሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መሞቅ ጀመረ። እጄን አንስቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። አሰልጣኛችን መጡና «ይህ ነው ማሞቂያ ማለት» አሉ። የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ሙያ አንድ ላይ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ፍሪጅ ብርድ አይሠራም፣ ሙቀት ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ይጥላል። ሂት ፓምፕ የሚባለው ያው ነው፤ የውጭውን ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል፣ አራት መንገድ ያለው ቫልቭ አቅጣጫውን ሲቀይረው ደግሞ በሙቀት ወራት ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሙቀትን ከመፍጠር ይልቅ ስለሚያጓጉዝ ለአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ከክፍላችን ሁለቱ ወደዚያ መግባት ይፈልጋሉ። ልጁ ሐሳቡ ትልልቅ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ላይ ነው። እኔ ገና አልወሰንኩም።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ወረቀቱ ከጌጁ ላይ ተነሳ። ዝቅተኛው ግፊት 5 ፒኤስአይ ላይ ተረጋግቷል፤ ሰንጠረዡ ላይ አር-134ኤ በዚህ ግፊት ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል ማለት ነው። 0.8 አምፒር ትስባለች። በረዶው ኢቫፖሬተሩን ከዳር እስከ ዳር እኩል ሸፍኖታል፣ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ቱቦ ግን በረዶ የለበትም። ጋዝ በዝቶ ቢሆን ኖሮ እሱም ነጭ ይለብስ ነበር። ግማሹ ኢቫፖሬተር ብቻ ቢነጣ ደግሞ ጋዙ አንሷል ወይም የሆነ ነገር ተደፍኗል።

ቀን 14

አድራለች። በረዶ ቤቷ ከዜሮ በታች 15፣ ውስጧ 4 ዲግሪ፣ ቴርሞስታቱ ያጠፋል፣ ያበራል። መሙያ ቱቦዋን በመቆንጠጫ ጨፍልቀን፣ ቫልቩን ቆርጠን፣ ጫፉን በየድነው ዘጋነው። የመጨረሻ የሳሙና ፍተሻ፣ ከላይም ከሥርም፣ በመስታወት። ንጹሕ።

ቀጣይዋ ፍሪጅ ከሰዓት መጣች። ሰሌዳዋ ላይ አር-600ኤ ይላል፣ ከጎኑ የእሳት ምልክት አለ፤ ኢሶቡቴን ነው፣ የሚነድ ጋዝ። የምድር ሙቀት ላይ ያለው ጫና ከምንም አይቆጠርም፣ ግን ጋዙ ወጥቶ ውስጧ በናይትሮጅን ሳይታጠብ እሳት ወደ አጠገቧ አይቀርብም። አሰልጣኛችን የብየዳ እሳታችንን ወስደው ቆለፉበት። ልጁ ጀርባዋን ሊያጸዳ ጨርቅ ሲያነሳ አየሁትና ከእጁ ነጠቅኩት።

ታች በግራ በኩል፣ ድራየሩ ሥር፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ዘይት ያዘለ አቧራ አለች። ፎቶ አንስቻታለሁ።